በሌላው ስም መታረቅ ይቻላልን?



በአገራችን ባህል ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በዳይ ቀርቦ ጥፋቱን ይናገራል፤ ተበዳይ ያዳምጣል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተብሎ ይተቃቀፋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች በአካልም በፈቃድም በሽማግሌው ፊት ሲገኙ ነው። ታዲያ ተበዳዩ የሞተ፣ ወይም ሕፃን የሆነ፣ ወይም በሕመም አልጋ ላይ የተኛ፣ ወይም ከቍጥሩ ብዛት የተነሣ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ሲሆን ማን ይታረቅለታል? በእርሱ ስም የተቀበሉት ካሣስ የማን ነው? «ይቅር ብያለሁ» የሚለውን ቃል ስለ እርሱ ሊናገርለት የሚችል ሰው አለን?

እነዚህ ጥያቄዎች በየመንደራችን ይነሣሉ፤ ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዩናይትድ ስቴትስ በተደረጉ ታላላቅ ክሶች ውስጥ ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ ጎልተው ታይተዋል። በዚያ የግዛቶች ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ ተባብረው ታላላቅ ኩባንያዎችን እየመረመሩ፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ሰዎች ስም ከኩባንያዎቹ ጋር ይስማማሉ። በዚህ ጽሑፍ የዚያን አገር ፖለቲካ ልንመረምር አልተነሣንም። ነገሩ የሚያነሣውን የኅሊና ጥያቄ ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር በጋራ ልናስብበት ወድደን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምንሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን ይገንዘቡልን።

የተባበረ ክስ እንዴት ይካሄዳል?

ዩናይትድ ስቴትስ 50 ግዛቶች ያሏት አገር ስትሆን እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አለው። በ43ቱ ግዛቶች ይህን ባለ ሥልጣን በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ በቀሩት ደግሞ እንደየግዛቱ ሕግ በአገረ ገዢው፣ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ወይም በግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሾማል። ከጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ በተወረሰ አስተሳሰብ መሠረት፣ መንግሥት ራሱን ሊጠብቅ ለማይችል ሰው እንደ ወላጅ ሆኖ ሊቆምለት ይገባል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም ስለ ሕዝቡ ሲከስ ይህን የወላጅነት ሥልጣን ይጠቅሳል።

ይሁን እንጂ የአንድ ትንሽ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጥቂት ጠበቆች ይዞ እጅግ ባለጠጋ የሆነን ኩባንያ ብቻውን ሊቋቋም አይችልም። ስለዚህ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ግዛቶቹ ሥራውን ይከፋፈሉታል። ኩባንያው የውስጥ ደብዳቤዎቹንና መዛግብቱን እንዲያቀርብ በሕግ ያዝዙታል፤ ማስረጃውን በጋራ ይመረምራሉ፤ ከዚያም የተመረጡ ተደራዳሪዎች ሌሎቹን ወክለው ከኩባንያው ጋር ይቀመጣሉ። ስምምነት ከተገኘ እያንዳንዱ ግዛት መፈረም ወይም አለመፈረም የራሱ ፈንታ ነው። የፈረመው ግን ስምምነቱን ለፍርድ ቤት አቅርቦ እንዲጸና ያደርጋል።

እንዲህ ያሉት ክሶች አብዛኞቹ ምስክር ሳይሰማ፣ ፍርድም ሳይሰጥ በዚሁ ይፈጸማሉ። በብዙዎቹ ስምምነቶች ውስጥም ኩባንያው ገንዘቡን የሚከፍለው ጥፋት መሥራቱን ሳያምን ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ይህች ዐረፍተ ነገር አጭር ብትሆንም የጥያቄያችን ሁሉ ቍልፍ ናትና አንባብያን በልባቸው እንዲይዟት እንለምናለን።

የትምባሆው ስምምነት

ለብዙ ዓመታት በሲጋራ ምክንያት የታመሙ ሰዎች ኩባንያዎቹን ሲከሱ ይረቱ ነበር። የኩባንያዎቹ መልስ «ወድደህና ፈቅደህ አጨስህ» የሚል ነበርና። በ1994 የሚሲሲፒ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ሙር አዲስ መንገድ ከፈተ። ግዛቱ የድኾችን ሕክምና ከሕዝብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ግዛቱ ራሱ ግን ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ እንግዲህ ሌላው ባደረሰው ጕዳት ስለ ምን ዋጋ ይከፍላል? የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሰባት የትምባሆ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ምለው ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። በኋላ በክሶቹ ምክንያት የወጡት የኩባንያዎቹ የውስጥ መዛግብት ግን ነገሩ ለእነርሱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ እንደ ነበር አሳዩ።

ሚሲሲፒን ሌሎቹ ግዛቶች ተከተሏት። ሚሲሲፒ፣ ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ በ1997 እና በ1998 ለየብቻቸው ተስማሙ፤ ሚኒሶታም በሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ገጾች ያሏቸው መዛግብት ለሕዝብ እንዲከፈቱ አደረገች። በኅዳር 1998 የቀሩት 46 ግዛቶች ፊሊፕ ሞሪስ፣ አር. ጄ. ሬይኖልድስ፣ ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን እና ሎሪላርድ ከተባሉት አራት ታላላቅ ኩባንያዎች ጋር ታላቁን ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያዎቹ በመጀመሪያዎቹ 25 ዓመታት ብቻ 206 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚከፍሉ ተገመተ። በአውራ ጎዳና ሰሌዳ ማስታወቂያ ማቆም፣ ሕፃናትን በሚስቡ የካርቱን ሥዕሎች መጠቀም፣ የሲጋራ ስም የታተመበት ልብስና ባርኔጣ ማደል ተከለከለ።

ከዚህ ስምምነት መልካም ፍሬ አልተገኘም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1997 በዩናይትድ ስቴትስ ከ100 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 36ቱ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ በ2021 ይህ ቍጥር ወደ 4 ወርዷል። ብዙ ወጣቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢዞሩም፣ ለዚህም መቀነስ ቀረጡና ትምህርቱ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ የሲጋራው ዋጋ መወደድና የማስታወቂያው መዘጋት ብዙ ነፍሳትን እንደ ጠቀመ አያጠራጥርም።

ገንዘቡ ግን ወዴት ሄደ? ስምምነቱ ግዛቶቹ ገንዘቡን በምን ላይ እንዲያውሉት አላስገደዳቸውም። በመሆኑም ከተቀበሉት ውስጥ ሲጋራን ለመከላከልና ሱሰኞችን ለመርዳት የዋለው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ አብዛኛው የበጀት ጕድለት መሙያና የልዩ ልዩ ሥራ ማስኬጃ ሆነ። አንዳንድ ግዛቶችም ለሚመጡት ዓመታት የሚከፈላቸውን ተስፋ አስቀድመው በቦንድ ሸጠው ጥሬ ገንዘብ ወሰዱ።

ከዚህ የባሰም ነገር አለ። የክፍያው መጠን ከሚሸጠው ሲጋራ ብዛት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ሽያጩ ሲቀንስ የግዛቶቹም ገቢ ይቀንሳል። በ2003 በኢሊኖይ ግዛት አንድ ዳኛ በሌላ ክስ በፊሊፕ ሞሪስ ላይ ከፈረደ በኋላ፣ ኩባንያው ይግባኝ ለማለት 12 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ አዘዘ። ኩባንያው ይህን ካስያዝሁ ለግዛቶቹ የምከፍለውን ለመክፈል እቸገራለሁ አለ። በዚህን ጊዜ በርካታ ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ ዋስትናው እንዲቀነስለት ፍርድ ቤቱን ለመኑ። ትናንት ከሳሽ የነበሩት ዛሬ ከተከሳሹ ጎን ቆመው ተገኙ። በዚህ ያደረጉት የሕግ ጥሰት የለም፤ ምናልባትም ለየግዛታቸው በጀት ተጨንቀው ነበር። ነገር ግን በተበዳይ ስም ካሣ የሚቀበል ሰው ልቡን ካልጠበቀ ሳያስበው የበዳይ ሸሪክ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

የመድኃኒቱ ክስ

ሁለተኛው ታሪክ ኦፒዮይድ ስለሚባሉት ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች ነው። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተሰኘውን መድኃኒት በ1996 ለገበያ አወጣ። ሱስ የማስያዝ ጠባዩን አሳንሶ በማቅረቡ በ2007 ከኩባንያው ጋር የተያያዘ ድርጅት በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈልም ተወሰነ። በዚያው ዓመት 26 ግዛቶችና የዋሽንግተን ከተማ ለየብቻው በ19.5 ሚሊዮን ዶላር ከኩባንያው ጋር ተስማሙ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ በ2020 ፐርዱ በሦስት የፌዴራል የወንጀል ክሶች እንደ ገና ጥፋተኛነቱን አመነ። የመጀመሪያው ክፍያ አካሄዱን አላረመውም ነበር ማለት ነው። ከ1999 እስከ 2021 ባለው ዘመን ሐኪም ያዘዛቸውንም ሆነ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጡትን የኦፒዮይድ ዓይነቶች ከመጠን በላይ በመውሰድ በዚያች አገር ወደ 645,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል።

በ2017 የ41 ግዛቶችና አካባቢዎች ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ አምራቾቹንና አከፋፋዮቹን በጋራ መመርመራቸውን አስታወቁ። በ2021 ሦስት ታላላቅ አከፋፋዮችና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በብዙ ዓመታት የሚከፈል እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማሙ። ኩባንያዎቹ በዚህም ጊዜ ጥፋት መሥራታቸውን አላመኑም። ሆኖም ዐቃብያነ ሕጉ ከትምባሆው ተምረው ነበርና ከገንዘቡ ቢያንስ 85 በመቶው የመድኃኒቱን ሱስና ጕዳት ለማስታገስ ብቻ እንዲውል በስምምነቱ አጻፉ። ሰው ከስሕተቱ ሲማር ማመስገን ይገባልና ይህን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ለጥያቄያችን ከሁሉ የቀረበው ግን የፐርዱ ነገር ፍጻሜ ነው። ኩባንያው በ2019 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ። ባለቤቶቹ የሆኑት የሳክለር ቤተሰብ አባላት፣ ጥፋት አልሠራንም እያሉ፣ እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ፈቀዱ፤ በምላሹም ወደ ፊት ማንም ሰው በፍትሐ ብሔር እንዳይከሳቸው ጠየቁ። ድምፅ ከሰጡት ባለ መብቶች መካከል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተስማሙ፤ አንዳንዶች ግን «እኛ አልተስማማንም፤ ልጄን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ክሴን ሌላ ሰው ሊተውልኝ አይችልም» በሚል መንፈስ ተቃወሙ። በሰኔ 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ የኪሳራ ሕግ ያልተስማማውን ሰው ክስ ያለ ፈቃዱ እንዲሠርዝ አይፈቅድም ሲል ወሰነ። በውሳኔው ያልተስማሙት አራት ዳኞች ደግሞ ፍርዱ ተበዳዮችን ራሳቸውን ከካሣ የሚያርቅ ነው ብለው አዘኑ። በኋላ በ2025 ለ7.4 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ስምምነት ተደርጎ የኪሳራው ፍርድ ቤት አጸደቀው፤ በዚህኛው ግን ያልተስማማ ሰው የመክሰስ መብቱ ተጠብቆለታል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በመጋቢት 2022 አንድ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ልጆቻቸውን፣ የትዳር ጓደኞቻቸውንና ጤናቸውን ያጡ ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፊት፣ ከሩቅ በሥዕልና በድምፅ መገናኛ፣ ለሦስት የቤተሰቡ አባላት ሐዘናቸውን እንዲነግሩ ተፈቀደላቸው። እነዚያም መልስ ሳይሰጡ አዳመጡ። ለእነዚህ ተበዳዮች ያ ቀን ገንዘብ አልጨመረላቸውም። ግን ብዙ ዓመት የጠበቁት ያን ቀን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ተበዳይ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚፈልገው የደረሰበት ነገር እውነት መሆኑ እንዲታወቅለት ነው።

ካሣና ይቅርታ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሁለት ክርክሮች አሉ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ታማሚ እስኪፈረድለት አይጠብቅም። ክሱ እስከ መጨረሻው ቢካሄድ ዓመታት ይፈጃል፤ ኩባንያው ሊከስር፣ ከሳሽም ሊረታ ይችላል። ዛሬ የተገኘ ግማሽ ካሣ ከነገ ሙሉ ተስፋ ይሻላል። በተለይም ጠበቃ ሊቀጥር የማይችለው ድኻ፣ ዐቃቤ ሕጉ ባይቆምለት ኖሮ ግማሹንም ባላገኘ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጥፋትን ሳያምኑ መክፈል ከተቻለ በደል የዋጋ ተመን ወጣለት ማለት ነው። ባለጠጋ ይህን እንደ ሌላው ወጪ ሁሉ በመዝገቡ አስገብቶ በመንገዱ ይቀጥላል፤ ድኻ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለውም።

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱን የሚያስታርቀው በካሣና በይቅርታ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ነው። ካሣ ዕዳ ነው፤ ዕዳንም ስለ ሌላው መጠየቅና መቀበል ይቻላል። አባት ለሕፃን ልጁ፣ ሞግዚት ለሙት ልጅ ይቀበላሉ፤ መንግሥትም ስለ ሕዝቡ ሊቀበል ይገባዋል። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ስለ መመለስ ባስተማረው ትምህርት፣ የተወሰደው ነገር ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት፣ ባለቤቱ ከሞተ ለወራሹ፣ ተፈልጎም ካልታወቀ ስለ ነፍሱ ለድኾች መሰጠት እንዳለበት ያስረዳል። ከዚህ ትምህርት የምንረዳው ባለቤቱ ባይገኝም ዕዳው እንደማይሠረዝ፣ የያዘውም ሰው የራሱ ሊያደርገው እንደማይችል ነው።

ይቅርታ ግን ዕዳ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ስጦታን ሊሰጥ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላው ስም የሚቆም ሰው፣ ዳኛም ይሁን ሽማግሌ ወይም ዐቃቤ ሕግ፣ ስለ ተበዳዩ ካሣ ሊቀበል፣ በደሉም እንዲቆም ሊያደርግ ይችላል። «ይቅር ተብለሃል» ሊል ግን አይችልም። የአሜሪካው ፍርድ ቤት የወሰነው በሕግ አተረጓጐም ላይ እንጂ በሥነ ምግባር ትምህርት ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም ውሳኔው ኅሊናችን ከሚያውቀው ከዚህ እውነት ጋር ይስማማል። በስምምነቶቹ የሚፈጸመውን ነገርም በትክክለኛ ስሙ ልንጠራው ይገባል። ክስ የመዝጋት ስምምነት ነው፤ ዕርቅ አይደለም። ክስ መዝጋት ጠቃሚና ብዙ ጊዜም ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ዕርቅ ነው ብሎ መጥራቱ ግን በዳዩን ያታልለዋል፤ ተበዳዩንም ያሳዝነዋል።

ምሥጢረ ንስሐን ለልጆች የምታስተምሩ መምህራን ከተናሳሒ የሚጠበቁት ሦስቱ ነገሮች ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ እንደ ሆኑ ታውቃላችሁ። በስምምነቶቹ ውስጥ ካሣው አለ፤ ኑዛዜው የለም፤ ጸጸቱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ኑዛዜን በግድ ማምጣትም ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የትምባሆው ታሪክ ያሳያል። በ2006 ግላዲስ ኬስለር የተባሉ የፌዴራል ዳኛ ኩባንያዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ሕዝቡን እንዳሳሳቱ ፈርደው እውነቱን ራሳቸው በማስታወቂያ እንዲያወጡ አዘዙ። ስለ ቃላቱ የተደረገው ክርክር እጅግ ረዝሞ ማስታወቂያው በጋዜጦች መውጣት የጀመረው በ2017 ነበር። ያም ሆኖ እውነቱ በአደባባይ መነገሩ ከንቱ አልሆነም። በግድ የተነገረ እውነት ተናጋሪውን ባያነጻውም ሰሚውን ይጠቅማልና።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የምናነበው የዘኬዎስ ታሪክ በዚህ ረገድ ድንቅ ትምህርት ይሰጠናል። ዘኬዎስ ቆሞ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ተናገረ፤ ከሀብቱ እኵሌታውን ለድኾች እንደሚሰጥ፣ ያታለለው ሰው ቢኖር ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስ። ምጽዋቱን ከዕዳው ጋር አልቀላቀለውም። የበደለውን ሰው ዕዳ ለሌላ በጎ ሥራ አውሎ «ሰጥቻለሁ» አላለም። የትምባሆውን ገንዘብ ለበጀት ጕድለት ያዋሉት ባለ ሥልጣኖች ምናልባት መንገድ ሠርተው፣ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሆናል። መንገዱ መልካም ነው፤ ትምህርት ቤቱም መልካም ነው። ግን ሳንባው ለተቃጠለው ሰው የተከፈለ ገንዘብ ነበር።

እኛስ?

ይህን ስንጽፍ እንደ ንጹሕ ፈራጅ ከውጭ ቆመን አይደለም። በነሐሴ 2018 የፔንሲልቬንያ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይፋ ያደረገው የምርመራ ሸንጎ ዘገባ፣ በስድስት የካቶሊክ ሀገረ ስብከቶች ከ300 በላይ ካህናት ከ1,000 በላይ ሕፃናትን እንደ በደሉ የሚያሳይ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በዚያው ወር ለመላው የእግዚአብሔር ሕዝብ በጻፉት መልእክት ሐዘናቸውንና ኀፍረታቸውን ገለጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ለአንዳንድ ተበዳዮች ገንዘብ ተከፍሎ ነገሩን ለማንም እንዳይናገሩ በውል ታስረው ነበር። የአሜሪካ ጳጳሳት በ2002 ባወጡት ደንብ፣ ተበዳዩ ራሱ ካልፈለገ በቀር እንዲህ ያለ የዝምታ ውል እንዳይደረግ ወሰኑ። ቤተ ክርስቲያን ይህን የተማረችው በብዙ እንባ ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ዝምታ ዕርቅ አይደለም። ኩባንያዎችን ስንወቅስ ይህን ብንደብቅ፣ ከላይ የተናገርነው ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ነገሩ በሌላም በኩል ወደ እኛ ይደርሳል። የ1998ቱ ስምምነት የሚያስረው በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ የሚደረገውን ሽያጭ ብቻ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን ሕፃን አይጠብቅም። አር. ጄ. ሬይኖልድስ ከአሜሪካ ውጭ የነበረውን ንግዱን በ1999 ለጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ሸጠ፤ ይኸው የጃፓን ኩባንያም በ2016 እና በ2017 የአገራችንን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። አንዱ ነገር የሌላው ምክንያት ነው አንልም። አገራችንም በ2019 ባወጣችው አዋጅ ቍጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና በሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራ ማጨስን ከልክላለች። ነገር ግን በሌላ አገር የተፈረመ ስምምነት የእኛን ልጆች እንደማይጠብቅ፣ የዚህ ኃላፊነት የራሳችን እንደ ሆነ ልናስተውል ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ትምህርት ለየዕለት ኑሮአችን ነው። ከእኛ መካከል ሽማግሌ ሆኖ ያልተቀመጠ፣ የዕድር ገንዘብ ያልያዘ፣ የሙት ልጅ ርስት ያልጠበቀ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እንበልና አንድ የመኪና ባለንብረት አንዲት እናት ገጭቶ ገደለ፤ ሽማግሌዎችም ለልጆችዋ የሚሆን ካሣ ተቀበሉ። ገንዘቡ ለተዝካር ድግስ ከዋለ፣ ወይም አጎት ቤቱን ካደሰበት፣ ልጆቹ እናታቸውንም ካሣቸውንም አጡ። ሽማግሌዎቹ በቅን ልብ አድርገውት ይሆናል፤ ዕዳው ግን ከባለንብረቱ ትከሻ ወርዶ በእነርሱ ትከሻ ላይ ተጭኗል።

ስለዚህ በሌላው ስም ለመቀበል የተጠራ ሰው ሁሉ አራት ጥያቄዎችን ኅሊናውን ይጠይቅ። እውነቱ በግልጽ ተነግሯልን? ካሣው ለባለቤቱ ደርሷልን? በደሉ የመጣበት በር ተዘግቷልን? ተበዳዩስ ተጠይቋልን? ለአራቱም «አዎን» ማለት የሚቻልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁሉ ሳይሟላ በስምምነት መጨረስ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ይህን የሚያደርጉትን ልንፈርድባቸው አይገባም። ብቻ የጐደለውን ሞልቷል አይበሉ። ያልተከፈለውን ዕዳ ያልተከፈለ ነው ብሎ በግልጽ መናገር ራሱ ለተበዳዩ የሚሰጥ ክብር ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ አንድ ልጅ የጓደኛውን እርሳስ ሰብሮ አዲስ እርሳስ ቢያመጣ፣ ደግ አደረግህ በሉት። ከዚያም ወደ ጓደኛው ሂዶ «እኔ ነኝ የሰበርሁት» እንዲል አስተምሩት። «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለውን ቃል ግን ጓደኛው በራሱ ጊዜና በራሱ አንደበት እንዲናገረው ተዉለት። እናንተ አትናገሩለት። ያ ቃል በሰው ዘንድ የእርሱ ብቻ ነው።